ኮምፒውተሩ መቼ ቆመ?
የአንድ አሮጌ ላፕቶፕና የማሳረፊያው ብልሽት እንደ ፊዚክስ ሙከራ

ኮምፒውተር በሥራ መካከል ድንገት ቀጥ ብሎ ሲቆም አብዛኞቻችን የምናደርገው ተመሳሳይ ነው፤ አጥፍተን እናበራዋለን። እንደገና ሲቆም እንደገና አጥፍተን እናበራዋለን። ሦስተኛ ጊዜ ሲደገም አንዱ «ቫይረስ ነው» ይላል፤ ሌላው «ሚሞሪው ነው» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ይህ ዕቃ ዕድሜውን ጨርሷል» ብሎ ይፈርዳል። ኮምፒውተሩ ከበራ በኋላ ስንት ደቂቃ ሠርቶ እንደ ቆመ ግን ከሦስቱ አንዱም አይጠይቅም።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ የተዘነጋ ጥያቄ ነው። ውድ አንባቢያን እንደምትረዱት፣ አልፎ አልፎ ብቻ የሚታይ ብልሽት ሁልጊዜ ከሚታይ ብልሽት ይልቅ አስቸጋሪ ነው፤ ባለሙያው ሲመጣ ይጠፋል፣ ባለሙያው ሲሄድ ይመለሳል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ብልሽት የተከሰተበትን ጊዜ በጥንቃቄ ከመዘገብነው ራሱን የሚያጋልጥበት መንገድ አለው። መንገዱም ተማሪዎች ስለ ራዲዮአክቲቭ መበስበስ ሲማሩ ከሚያገኙት ስሌት የተለየ አይደለም።

ዕቃውና ሥራው

ነገሩ የሆነው በ2014 ዓ.ም. ሁለተኛ ሴሚስተር በቤተ ሙከራችን ውስጥ ነው። አንድ ተማሪያችን ለዲግሪ ማሟያ ጥናቱ ከልዩ ልዩ የግንባታ ድንጋይ ናሙናዎች የሚወጣውን የተፈጥሮ ጨረራ ይለካ ነበር። የናሙናዎቹ ጨረራ እጅግ ደካማ በመሆኑ አንዱን ናሙና ለመቁጠር ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ቆጠራውን የሚመራው በ1998 እ.ኤ.አ. የተሠራ፣ በዊንዶውስ 98 የሚንቀሳቀስ ላፕቶፕ ነው። ላፕቶፑን ከእነ ማሳረፊያው ያገኘነው ለከፍተኛ ትምህርት በውጭ አገር በነበርንበት ጊዜ ከአገልግሎት ከወጡ ዕቃዎች መካከል ነው።

በተለምዶ ዶኪንግ ስቴሽን የሚባለው የላፕቶፕ ማሳረፊያ ላፕቶፑ የሚቀመጥበት ሳጥን ነው። ላፕቶፑ ከበስተኋላው ባለው ረጅም መገጣጠሚያ ይገጥምበታል፤ በዚያ መገጣጠሚያ አማካይነት ኃይል ይቀበላል፣ ከሌሎች መሣሪያዎችም ጋር ይገናኛል። ሐሳቡ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በሰፊው የታወቀ ነበር፤ ለምሳሌ በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው የአፕል ፓወርቡክ ዱኦ እንደ ቪዲዮ ካሴት በማሳረፊያው ውስጥ ተንሸራቶ ይገባ ነበር። የእኛው ማሳረፊያ ዛሬ በላፕቶፖች ላይ የማይገኝ አንድ ጥቅም አለው፤ የድሮ ዓይነት የካርድ መሰኪያ ይዟል። የጨረራ ቆጣሪያችን ካርድ የሚገባው በዚህ መሰኪያ ብቻ ነው። አሮጌውን ላፕቶፕ ጥሎ አዲስ መግዛት ማለት ቆጣሪውንም ጥሎ አዲስ መግዛት ማለት ነበር፤ ለዚያ የሚሆን የውጭ ምንዛሪ ደግሞ በዚያ ሴሚስተር የሚገኝ አልነበረም።

እንግዲህ ላፕቶፑ በማሳረፊያው ላይ ሆኖ ሲቆጥር በየጊዜው መቆም ጀመረ። አንዳንዴ ሰማያዊ ገጽ ያሳያል፤ አንዳንዴ የመዳፊቱ ቀስት እንደ ተተከለ ይቀራል። ከማሳረፊያው ሲነሳ ግን ምንም አይሆንም። ተማሪው ጥናቱን ለማስረከብ ሰባት ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ ከአሥራ ስድስት ናሙናዎች የተቆጠሩት ሦስት ብቻ ናቸው።

ከሁሉ በፊት ዳታውን ማዳን

የመጀመሪያው ተግባር ብልሽቱን መፈለግ አይደለም። የሚጠፋውን ነገር ማዳን ነው። በየጊዜው የሚቆም ኮምፒውተር ሲቆም በሃርድ ዲስኩ ላይ እየጻፈ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ቅጽበት ቢቋረጥ የተጻፈው ፋይል ብቻ ሳይሆን የፋይሎቹ ማውጫም ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ሃርድ ዲስኩን አውጥተን፣ የድሮ ዲስክን ከዩኤስቢ ጋር በሚያገናኝ ገመድ አማካይነት ሙሉ ቅጂውን በሌላ ኮምፒውተር ላይ አስቀመጥን። ቀጥሎ የቆጠራውን ፕሮግራም አስተካክለን ውጤቱን በመጨረሻ ላይ ብቻ ሳይሆን በየአምስት ደቂቃው እንዲጽፍ አደረግን። ይህ ብልሽቱን አያስወግድም፤ ጉዳቱን ግን ከስድስት ሰዓት ወደ አምስት ደቂቃ ይቀንሳል።

ማሳረፊያው ምርመራውን የሚያወሳስብበት ምክንያት

«ከማሳረፊያው ሲነሳ አይቆምም፤ ስለዚህ ጥፋቱ የማሳረፊያው ነው» የሚለው ድምዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ ትክክል ይመስላል። ነገር ግን ላፕቶፑን ከማሳረፊያው ስናነሳ የምንለውጠው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ቢያንስ አምስት ነገሮች በአንድ ጊዜ ይለወጣሉ።

አንደኛ፣ ኃይል የሚመጣበት መንገድ ይለወጣል፤ አዳፕተሩ ከማሳረፊያው ይልቅ በቀጥታ ከላፕቶፑ ጋር ይገናኛል። ሁለተኛ፣ የአየር ዝውውሩ ይለወጣል፤ ማሳረፊያው የላፕቶፑን ሆድ ሸፍኖ ነበር። ሦስተኛ፣ ብዙ የብረት ጥርሶች ያሉት መገጣጠሚያ ከሥራ ይወጣል። አራተኛ፣ ሶፍትዌሩ ይለወጣል፤ ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ ላፕቶፑ በማሳረፊያ ላይ ሲሆንና ሳይሆን የሚጫኑት ድራይቨሮች በተለያዩ መዝገቦች ተይዘው ይለያያሉ። አምስተኛ፣ የሚሠራው ሥራ ራሱ ይለወጣል፤ ካርዱ ስለሌለ ቆጠራ የለም።

በፊዚክስ ቤተ ሙከራ አንድ ተማሪ የፔንዱለሙን ርዝመትና ክብደት በአንድ ጊዜ ለውጦ ስለ ርዝመቱ ሊደመድም ቢሞክር እናርመዋለን። እዚህም ሕጉ ያው ነው፤ በአንድ ሙከራ አንድ ተለዋዋጭ።

ስለዚህ አምስቱን አንድ በአንድ ለየን። በመጀመሪያ ሥራውን ለየን። ላፕቶፑ በማሳረፊያው ላይ እንዳለ ቆጠራው ሳይጀመር ሁለት ሰዓት ቢቆይ አልቆመም። ቀጥሎ ሚሞሪውን መረመርን። ለዚህ የተጠቀምንበት ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቀው ሜምቴስት86 ነው፤ ይህ ፕሮግራም ያለ ዊንዶውስ በቀጥታ ከፍሎፒ ዲስክ ስለሚነሳ በምርመራው ውስጥ የዊንዶውስ ስሕተት አይገባም። ላፕቶፑ በማሳረፊያው ላይ እያለ ሌሊቱን ሙሉ ቢመረመር አንድም ስሕተት አልተገኘም።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። አንድ ምርመራ ነጻ የሚያወጣው የመረመረውን ክፍል ብቻ ነው። ሜምቴስት86 ሚሞሪውን ነጻ አውጥቷል፤ ካርዱን ግን አልነካውም፤ ስለ ካርዱም ሆነ ስለ መገጣጠሚያው የሚለው ነገር የለም። «በፕሮግራም ተመርምሮ ምንም አልተገኘበትም» የሚለውን ቃል ስንሰማ «ምኑ ተመርምሮ?» ብለን መጠየቅ ይኖርብናል።

መዝገቡ

በመስከረም 9 ቀን 1947 እ.ኤ.አ. በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማርክ 2 በሚባለው ኮምፒውተር ውስጥ ባለሙያዎች አንዲት የእሳት ራት በሪሌይ ውስጥ ገብታ አገኙ። ማርክ 2 ይሠራ የነበረው በኤሌክትሪክ በሚከፈቱና በሚዘጉ ሪሌዮች ነው። ባለሙያዎቹ ነፍሳቷን በማጣበቂያ ወረቀት በመዝገባቸው ላይ ለጠፏት፤ መዝገቡም ዛሬ በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪክ ሙዚየም ይገኛል። ስለዚህ ታሪክ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ነፍሳቷ ናት። ለእኛ የሚጠቅመን ግን ከጎኗ የተጻፈው ነው፤ ሰዓቱ፣ ይኸውም ከቀትር በኋላ በእኛ አቆጣጠር 9፡45፣ የሪሌዩ ቁጥር 70 እና ሪሌዩ የሚገኝበት ሰሌዳ ተመዝግበዋል። ብልሽት የደረሰበት ሰዓትና ቦታ ካልተጻፈ ቀጣዩ ብልሽት ከእርሱ ጋር ሊነጻጸር አይችልም።

እኛም አንድ ደብተር ከላፕቶፑ አጠገብ አስቀመጥን። በየመስመሩ አራት ነገሮች ይጻፋሉ፤ የበራበት ሰዓት፣ የቆመበት ሰዓት፣ ሲበራ ቀዝቃዛ ወይም ሞቃት መሆኑ፣ በዚያ ሰዓት በክፍሉ ውስጥ ምን ይሠራ እንደ ነበር። አራተኛውን ዓምድ ስንጨምር ይህን ያህል ይጠቅመናል ብለን አላሰብንም ነበር።

ላፕቶፑ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ ቆጠራ ሲጀምር የቆመባቸው ደቂቃዎች እነዚህ ናቸው፦ 22፣ 19፣ 24፣ 21፣ 23፣ 20። እንደ ቆመ ወዲያውኑ ተነሥቶ ሲቀጥል ደግሞ 6፣ 4፣ 7።

ጊዜ የሚሰጠው ፍንጭ

እነዚህ ቁጥሮች ምን ይላሉ? ብልሽቶችን በጊዜ አመጣጣቸው በሦስት ልንከፍላቸው እንችላለን።

የመጀመሪያው ዓይነት የዘፈቀደ ብልሽት ነው። እንዲህ ያለው ብልሽት ልክ እንደ ራዲዮአክቲቭ አቶም ነው፤ አቶሙ ምን ያህል ጊዜ እንደ ቆየ አያስታውስም፤ በሚቀጥለው ደቂቃ የመበስበሱ ዕድል ምንጊዜም አንድ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት አንድ አማካይ ጊዜ ያለ ብልሽት የማለፍ ዕድል 37 በመቶ፣ ሁለት አማካይ ጊዜ የማለፍ ዕድል 14 በመቶ፣ ሦስት አማካይ ጊዜ የማለፍ ዕድል 5 በመቶ ነው። የዚህ ዓይነት ብልሽት መለያው ጊዜያቱ በሰፊው መበታተናቸው ነው፤ የመበታተናቸው ልክ ከአማካዩ ጋር ይቀራረባል።

ሁለተኛው ዓይነት የማስታወስ ችሎታ ያለው ብልሽት ነው። አንድ ነገር ቀስ በቀስ ይከማቻል፤ ወሰኑን ሲያልፍ ብልሽቱ ይከሰታል። ሙቀት የዚህ ዋነኛ ምሳሌ ነው። ጊዜያቱ በአንድ ቁጥር ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ ዕቃው ሞቆ ከተነሣ ደግሞ ያጥራሉ።

ሦስተኛው ዓይነት በቁጥር የተወሰነ ብልሽት ነው፤ ይህ የሶፍትዌር ነው። የታወቀው ምሳሌ የዊንዶውስ 95 እና የዊንዶውስ 98 የጊዜ ቆጣሪ ነው። ቆጣሪው ሚሊሰከንዶችን የሚይዘው በ32 ቢት ስለሆነ 4,294,967,296 ላይ ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ይህ ቁጥር 49.7 ቀን ማለት ነው። ያለ ማቋረጥ ይህን ያህል የበራ ኮምፒውተር ሊቆም ይችል ነበር። እንዲህ ያለው ብልሽት ሙቀትም ቅዝቃዜም አይለውጠውም።

አሁን ወደ መዝገባችን እንመለስ። የስድስቱ ጊዜያት አማካይ 21.5 ደቂቃ ነው፤ የመበታተናቸው ልክ ግን 2 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ብልሽቱ በዘፈቀደ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ አንዱ ጊዜ ከ19 እስከ 24 ደቂቃ ባለው ክልል ውስጥ የመውደቅ ዕድሉ 9 በመቶ ገደማ ነበር፤ ስድስቱም በዚያው ክልል የመውደቅ ዕድላቸው ከሚሊዮን አንድ ያነሰ ነው። በቁጥር የተወሰነ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ሞቃት አነሣሡ ወደ 6 ደቂቃ ባላወረደው ነበር። የሚቀረው ሁለተኛው ዓይነት ነው፤ አንድ ነገር ይሞቃል።

እዚህ የደረስነው አንድ ብሎን እንኳ ሳንፈታ ነው።

የመጀመሪያው ጥፋት

የሚሞቀው ምንድን ነው? የብዙ ሰው ግምት ወደ ፕሮሰሰሩ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ትንሽ የጠረጴዛ ቬንትሌተር ወስደን መጀመሪያ ፕሮሰሰሩ ወዳለበት ወገን አዞርን። በ22 ደቂቃ ቆመ፤ ለውጥ የለም። በማግሥቱ ከቀዝቃዛ ሁኔታ ተነሥተን ቬንትሌተሩን ላፕቶፑና ማሳረፊያው ወደሚገናኙበት ቦታ አዞርን። እስከ 41 ደቂቃ ሠራ። እንግዲህ ሙቀቱ ያለው በመገጣጠሚያው ነው።

ቀጥሎ በመልቲሜትር ለካን። አንዱን ጫፍ በማሳረፊያው ኋላ ባለው የአንድ መሰኪያ ብረት ዙሪያ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ በላፕቶፑ መሰኪያ ብረት ዙሪያ ላይ አኖርን። ሁለቱም ከግራውንድ ጋር የተያያዙ ስለሆኑ በመካከላቸው ያለው ቮልቴጅ ዜሮ አካባቢ መሆን ይገባዋል። ቆጠራው ሲጀመር 0.29 ቮልት፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ 0.34 ቮልት፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ 0.41 ቮልት አገኘን። በ22ኛው ደቂቃ ላፕቶፑ ቆመ።

ላፕቶፑ በዚያ ሥራ ላይ በ16 ቮልት 2.5 አምፔር ገደማ ይስባል። ይህ ከረንት በአዳፕተሩ በኩል ወደ ላፕቶፑ ከገባ በኋላ የሚመለሰው በመገጣጠሚያው የግራውንድ ጥርሶች ነው። በኦም ሕግ መሠረት 0.29 ቮልትን ለ2.5 አምፔር ስናካፍል 0.116 ኦም፣ 0.41 ቮልትን ስናካፍል 0.164 ኦም እናገኛለን። በመገጣጠሚያው ላይ የሚባክነው ኃይል 1 ዋት ገደማ ነው። በአንድ አምፖል ሚዛን ትንሽ ነው፤ ለጥቂት ቀጫጭን የብረት ጥርሶች ግን ብዙ ነው።

አንባቢው «አራት አሥረኛ ቮልት ኮምፒውተርን እንዴት ያቆማል?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። መልሱ ያለው በሎጂክ ደረጃዎች ውስጥ ነው። ካርዱ በሚጠቀምበት የቲቲኤል ሥርዓት «ዜሮ» የሚልክ አካል ከ0.4 ቮልት ያልበለጠ እንዲያወጣ፣ «ዜሮ» የሚቀበል አካል ደግሞ እስከ 0.8 ቮልት ድረስ ያለውን እንደ «ዜሮ» እንዲያነብ ተወስኗል። በመካከላቸው ያለው የ0.4 ቮልት ልዩነት ለስሕተት የተተወ ጥበቃ ነው። ከረንቱ ከላፕቶፑ ወደ ማሳረፊያው ስለሚመለስ የላፕቶፑ ግራውንድ ከማሳረፊያው ግራውንድ ከፍ ይላል። ላፕቶፑ 0.4 ቮልት አድርጎ የላከው «ዜሮ» በማሳረፊያው ውስጥ ላለው ካርድ 0.81 ቮልት ሆኖ ይደርሳል፤ ካርዱም «ዜሮ» መሆኑን እርግጠኛ ሊሆን አይችልም። ያልታዘዘውን ይሠራል ወይም የታዘዘውን ይተዋል። ላፕቶፑም አንዳንዴ የማይመጣ መልስ ሲጠብቅ ይተከላል፤ አንዳንዴ የተሳሳተ መልስ ተቀብሎ ሰማያዊውን ገጽ ያሳያል። የገጾቹ መልእክት በየጊዜው የተለያየ የሆነበት ምክንያትም ይኸው ነው። በእርግጥ 0.4 ቮልት አምራቾች በዋስትና የሚሰጡት ቁጥር እንጂ እያንዳንዱ ቺፕ የሚሳሳትበት ትክክለኛ ነጥብ አይደለም፤ ሆኖም የእኛው ላፕቶፕ የቆመው ከዚያው ወሰን አጠገብ ነው።

ሬዚስታንሱ በሙቀት የጨመረው ለምንድን ነው? የመዳብ ሬዚስታንስ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ የሚጨምረው 0.4 በመቶ ብቻ ነው። እኛ ያገኘነውን የ41 በመቶ ጭማሪ በዚህ ብቻ ለማስረዳት የ100 ዲግሪ ሙቀት ያስፈልግ ነበር፤ መገጣጠሚያው ግን ለእጅ ሞቅ ያለ እንጂ የሚያቃጥል አልነበረም። ስለዚህ ዋናው ምክንያት የመሰለን ጥርሶቹን የያዘው ፕላስቲክ ሲሞቅ በመለጠጡ በጥርሶቹ መካከል ያለው ግፊት መላላቱ ነው። ላያቸው በአቧራና በዝገት በተሸፈነ ጥርሶች መካከል ግፊት ሲቀንስ ከረንት የሚያልፍባቸው ጥቃቅን መነካኪያዎችም ይቀንሳሉ።

መገጣጠሚያውን በለስላሳ ብሩሽና በኢሶፕሮፒል አልኮል አጸዳን። ብርጭቆ ወረቀት አልተጠቀምንም፤ በጥርሶቹ ላይ ያለው የወርቅ ሽፋን እጅግ ስስ ስለሆነ አንድ ጊዜ ከተፋቀ ዝገቱ በእጥፍ ይመለሳል። ዳግም ስንለካ 0.03 ቮልት አገኘን፤ ሬዚስታንሱ ወደ 0.012 ኦም፣ ሙቀቱም ከአንድ ዋት አሥረኛ ወደ ታች ወርዷል።

ያለጊዜው የሆነ ደስታ

ላፕቶፑ አምስት ሰዓት ያለ እንከን ሠራ። ተማሪውም እኛም ተደሰትን፤ የመጀመሪያውንም ሙሉ ቆጠራ ጀመርን። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ በ3 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ላፕቶፑ ቆመ። በማግሥቱ በ40 ደቂቃ፤ ቀጥሎ በ5 ሰዓት ከ25 ደቂቃ፤ ቀጥሎ በ1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ።

የመጀመሪያው ስሜታችን «ጽዳቱ አልሠራም» የሚል ነበር። መዝገቡ ግን ይህን አይደግፍም። የአራቱ ጊዜያት አማካይ 166 ደቂቃ፣ የመበታተናቸው ልክ 122 ደቂቃ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች የተቀራረቡ ናቸው። በግራውንዶቹ መካከል ያለው ቮልቴጅም ከ0.03 አልተነቃነቀም። ይህ የቀድሞው ጥፋት አይደለም፤ ከቀድሞው ኋላ ተደብቆ የነበረ ሌላ፣ የዘፈቀደ ዓይነት ጥፋት ነው። ላፕቶፑ በየ21 ደቂቃው ይቆም በነበረበት ጊዜ በየሦስት ሰዓቱ የሚመጣውን ልናየው አንችልም ነበር።

የአምስት ሰዓቱ ደስታችንስ ምን ያህል ዋጋ ነበረው? በአማካይ በ166 ደቂቃ የሚከሰት የዘፈቀደ ብልሽት 300 ደቂቃ ሳይታይ የመቆየት ዕድሉ 16 በመቶ ነው። በሌላ አነጋገር ከስድስት አንድ ጊዜ ያህል ብልሽቱ እያለ የለም ብለን እንደሰታለን። «ድኗል» ለማለት 95 በመቶ እርግጠኛ መሆን ብንፈልግ ከአማካዩ ጊዜ ሦስት እጥፍ፣ ማለትም ከስምንት ሰዓት በላይ መጠበቅ ነበረብን።

ሁለተኛው ጥፋት

በዚህ ጊዜ የረዱን የቤተ ሙከራው ቴክኒሻን ናቸው። ደብተሩን አገላብጠው አራተኛውን ዓምድ ካዩ በኋላ «ዶክተር፣ ይህ ነገር የሚመጣው እኮ በጎን ያለው የቫኩም ፓምፕ ሲነሣ ነው፤ መብራቱም ያኔ ብልጭ ይላል» አሉን። መዝገቡን ስናየው በእርግጥም አራቱም ጊዜያት በሥራ ሰዓት ናቸው፤ ሌሊት የደረሰ የለም።

ሞተር ሲነሣ ከተለመደው ሥራው ይልቅ ብዙ እጥፍ ከረንት ለቅጽበት ይስባል፤ በዚያው መስመር ላይ ያለው ቮልቴጅም ለቅጽበት ይወርዳል። ጤናማ አዳፕተር ይህን ቅጽበት የሚያልፈው በውስጡ ባለው ካፓሲተር በተጠራቀመ ኃይል ነው። ለአብነት 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር እንውሰድ። የ220 ቮልት መስመር ከፍታው 311 ቮልት ነው። ካፓሲተሩ ከ311 ወደ 200 ቮልት እስኪወርድ የሚሰጠው ኃይል 2.8 ጁል ገደማ ነው። አዳፕተሩ 50 ዋት ቢስብ ይህ ለ57 ሚሊሰከንድ ይበቃል፤ የመስመሩ አንድ ሙሉ ዑደት 20 ሚሊሰከንድ ስለሆነ ሦስት ዑደት ያህል ማለት ነው። የኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ፈሳሽ ግን በዕድሜና በሙቀት እየደረቀ ይሄዳል። አቅሙ ወደ 30 ማይክሮፋራድ ቢወርድ የሚቀረው 17 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፤ አንድ ዑደት እንኳ አይሞላም።

ሌላ ላፕቶፕ ቢሆን ባትሪው ይደርስለት ነበር። የእኛው ባትሪ ግን ከሞተ ዓመታት ስላለፉ አውጥተነው ነበር። የሞተ ባትሪ ማውጣት ጉዳት የሌለው ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ከእርሱ ጋር አንድ መከላከያ እንዳወጣን ልብ አላልንም።

አዳፕተሩን አልከፈትንም። ማንም አንባቢ እንዳይከፍት እናሳስባለን፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም በካፓሲተሩ ውስጥ አደገኛ ቮልቴጅ ሊቆይ ይችላል። በምትኩ መላምቱን በሙከራ ፈተንነው። ላፕቶፑ እየቆጠረ ፓምፑን ሆን ብለን አሥር ጊዜ አስነሣን፤ አራት ጊዜ ቆመ። ቀጥሎ ቮልቴጁና የጫፉ አቅጣጫ አንድ የሆነ፣ ከረንቱም የማያንስ ሌላ አዳፕተር ተውሰን አሥር ጊዜ ደገምን፤ አንድም ጊዜ አልቆመም። አዳፕተሩ ለውጥ ባያመጣ ኖሮ አሥሩንም ጊዜ በአጋጣሚ የማለፍ ዕድሉ 0.6 ሲባዛ በራሱ አሥር ጊዜ ነው፤ 0.6 በመቶ ገደማ።

ከዚያ በኋላ በሥራ ሰዓት፣ ፓምፑም እንደ ልማዱ እየሠራ፣ አራት ሙሉ ቆጠራዎችን ጨረስን። ሃያ አራት ሰዓት ማለት ነው። የቀድሞው ብልሽት ኖሮ በአጋጣሚ ሳይታይ የመቅረት ዕድሉ ከአምስት ሺህ አንድ ያነሰ ነበር። ያን ጊዜ «ድኗል» አልን። ተማሪውም አሥራ ስድስቱን ናሙናዎች ቆጥሮ ጥናቱን በጊዜው አስረከበ።

የምርመራው ቅደም ተከተል

ተመሳሳይ ችግር የሚገጥማቸው አንባቢያን የሚከተለውን ቅደም ተከተል እንዲይዙ እንመክራለን።

1. ዳታውን በሌላ ቦታ ቅዱ። ከዚያ በፊት ምንም አትንኩ።
2. ቢያንስ አምስት ወይም ስድስት ብልሽት እስኪመዘገብ ድረስ ሰዓቱን፣ የመነሻውን ሙቀትና በአካባቢው የሚሠራውን ጻፉ።
3. አማካዩንና የመበታተኑን ልክ አስሉ። ከተሰበሰበ ሙቀትን፣ ከተበታተነ ውጫዊ ምክንያትን፣ ሁልጊዜ በአንድ ቁጥር ላይ ከሆነ ሶፍትዌርን ጠርጥሩ።
4. በአንድ ሙከራ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ለውጡ ካልረዳ ወደ ቀድሞው መልሱ።
5. ርካሹንና የማይጎዳውን አስቀድሙ፤ ቬንትሌተር፣ ብሩሽና መልቲሜትር ከመፍቻና ከግዢ ይቀድማሉ።
6. ከጥገና በኋላ ከአማካዩ የብልሽት ጊዜ ቢያንስ ሦስት እጥፍ ሳትጠብቁ «ድኗል» አትበሉ።

እነዚህ ስድስት ነጥቦች ለላፕቶፕ ብቻ የሚሠሩ አይደሉም። አልፎ አልፎ ለሚቆም የውኃ ፓምፕ፣ ለሚቆራረጥ የስልክ መስመር፣ አንዳንዴ ብቻ የተሳሳተ ውጤት ለሚሰጥ የቤተ ሙከራ መሣሪያም ይሠራሉ። ላፕቶፑ ዛሬም በቦታው አለ። ደብተሩም ከጎኑ አለ፤ ከመጨረሻው ብልሽት ወዲህ ያሉት መስመሮች አራተኛው ዓምድ ብቻ የተሞላባቸው ናቸው።

ለመለማመጃ

1. አንድ ኮምፒውተር ቀዝቅዞ ሲነሣ በ12፣ 55፣ 3፣ 31 እና 9 ደቂቃ ቆመ። አማካዩንና የመበታተኑን ልክ አስሉ። የትኛውን ዓይነት ብልሽት ትጠረጥራላችሁ?
2. በጥያቄ 1 ያለው ኮምፒውተር ከተጠገነ በኋላ አንድ ሰዓት ያለ እንከን ሠራ። ብልሽቱ እያለ ይህ በአጋጣሚ የመሆን ዕድሉ ምን ያህል ነው? ለ95 በመቶ እርግጠኝነት ስንት ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል?
3. ላፕቶፑ 2.5 አምፔር ሳይሆን 1 አምፔር ብቻ ቢስብ ኖሮ፣ በ0.164 ኦም መገጣጠሚያ ላይ የግራውንዱ ልዩነት ስንት ቮልት ይሆን ነበር? የመጀመሪያው ጥፋት ይታወቅ ነበር ትላላችሁ?